ስቫንቴ አሬኒየስና የአሲዶች ብርታት ጥያቄ

በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ አሥረኛ ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በሌላ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ደግሞ አንድ አሥረኛ ሞል አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው አሲድ፣ ቢሟሟ ሁለቱን ገለልተኛ ለማድረግ የሚያስፈልገው የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጠን ፍጹም እኩል ነው። በዚህ መለኪያ ብቻ የሚፈርድ ሰው በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ቁራጭ ዚንክ ቢጨመር የመጀመሪያው ወዲያውኑ አረፋ እየደፈቀ ይፈላል፤ ሁለተኛው ግን ጥቂት አረፋ ቀስ እያለ ከመልቀቅ አያልፍም። የኤሌክትሪክ ሞገድ ቢተላለፍባቸውም የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከሰባ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት አሲዶች በብርታት ይህን ያህል የሚራራቁት ለምንድን ነው? የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች ጉዳዩን ከልምድ አሳምረው ያውቁት ነበር፤ የአሲዶች ዝምድና ወይም መሳሳብ የሚል ስምም ሰጥተውት ነበር። ስሙ ግን ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱን ፈልጎ ያገኘው፣ ካገኘውም በኋላ ግማሹን ብቻ በትክክል እንደያዘ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ለመቀበል የተቸገረው ሰው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው።

አሬኒየስ የተወለደው የካቲት 19 ቀን 1859 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኡፕሳላ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው ቪክ በተባለ የመኳንንት ርስት ነው። አባቱ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ የርስቱ አስተዳዳሪና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ይዞታዎች ተቆጣጣሪ በመሆንም አገልግሏል። ልጁ ማንም ሳያስተምረው በሦስት ዓመቱ ማንበብ እንደ ጀመረ፣ የአባቱን የሒሳብ መዛግብት እየተመለከተም መደመርና መቀነስን እንደ ለመደ ይነገራል። እንዲህ ያለው የሕፃንነት ታሪክ በብዙ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት ላይ እንደ ጌጥ የሚለጠፍ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባል፤ ሆኖም በአሬኒየስ ዘንድ በረጃጅም የቁጥር ሰንጠረዦች ውስጥ ሌሎች ያላዩትን ሥርዓት የማየት ችሎታ እስከ መጨረሻው የጸና መሆኑ አያጠራጥርም። በ1876 የካቴድራል ትምህርት ቤቱን አጠናቅቆ ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪውን ወንበር የያዘው ፔር ቴዎዶር ክሌቬ፣ የፊዚክሱን ደግሞ ቶቢያስ ታሌን ነበር። ክሌቬ በ1879 ሆልሚየምንና ቱሊየምን ያገኘ፣ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የቤተ ሙከራ ሰዎች አንዱ ነው። ለእሱ ኬሚስትሪ ማለት አዲስ ንጥረ ነገርን ለይቶ፣ አንጥሮና መዝኖ ማስቀመጥ ነበር፤ በሐሳብ ብቻ የሚቆም ንድፈ ሐሳብ እምብዛም አይማርከውም። አሬኒየስ ደግሞ ፍላጎቱ በፊዚክስና በኬሚስትሪ መካከል ባለው፣ ያን ጊዜ ባለቤት ባልነበረው መሬት ላይ ነበር። ስለዚህ በ1881 ኡፕሳላን ትቶ ወደ ስቶክሆልም ሄደ፤ በሳይንስ አካዳሚው የፊዚክስ ተቋም በኤሪክ ኤድሉንድ ሥር መሥራት ጀመረ። ይህ ውሳኔ ዋጋ እንደሚያስከፍለው ያን ጊዜ አልተገለጠለትም ይሆናል። የዶክትሬት ማዕረጉን የሚሰጡት ትቷቸው የሄዱት የኡፕሳላ መምህራን ነበሩና።

ከ1882 እስከ 1883 ባለው ክረምት አሬኒየስ የአሲዶችን፣ የቤዞችንና የጨዎችን ብጥብጦች እያቀጠነ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነታቸውን ለካ። ያገኘው ውጤት በመጀመሪያ ሲታይ እንግዳ ነው። ብጥብጡ በውኃ እየቀጠነ ሲሄድ በውስጡ ያለው አሲድ በሊትር እያነሰ ስለሚሄድ ጠቅላላ አስተላላፊነቱ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። አስተላላፊነቱ ለእያንዳንዱ ሞል ተካፍሎ ሲታይ ግን በአንጻሩ ይጨምራል፤ ጭማሪውም እስከ አንድ ወሰን ድረስ ይቀጥላል። ያው የአሲድ መጠን በብዙ ውኃ ውስጥ ሲበተን ከቀድሞው የበለጠ ሞገድ ይሸከማል ማለት ነው። አሬኒየስ እንደሚተርከው፣ ትርጉሙ የተገለጠለት ግንቦት 17 ቀን 1883 ሌሊት ሲሆን፣ ጉዳዩን ከዳር እስኪያደርስ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደውም። በውኃ ውስጥ የሟሟው ንጥረ ነገር ሁሉ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ አይገኝም፤ ከፊሉ ሞገድ የሚሸከም ንቁ ክፍል ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ምንም የማይሸከም ቦዘኔ ክፍል ነው። ማቅጠን ማለት ቦዘኔውን ወደ ንቁነት መለወጥ ነው።

ከዚህ ሐሳብ የአሲዶች ብርታት ጉዳይ ወዲያውኑ ይከተላል። አሲድን አሲድ የሚያደርገው ሥራ የሚሠራው በንቁው ክፍል ከሆነ፣ ብርቱ አሲድ ማለት አብዛኛው ክፍሉ ንቁ የሆነ፣ ደካማ አሲድ ማለት ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ቦዘኔ የሆነ ነው። ስለዚህ ጥሩ አስተላላፊ የሆነ አሲድ ሁሉ ብርቱ፣ መጥፎ አስተላላፊ የሆነው ሁሉ ደካማ መሆን አለበት። ይህ ትንበያ የኬሚስቱን ዝምድናና የፊዚክስ ሰውን የኤሌክትሪክ መለኪያ በአንድ ክር ያስራል። ከአሬኒየስ በፊት ይህን ክር የሳበ አልነበረም። ሩዶልፍ ክላውዚየስ በ1857 በብጥብጥ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነጻ ክፍልፋዮች ሊኖሩ እንደሚችሉ ጠቁሞ የነበረ ቢሆንም ምን ያህል የሚለውን አልመለሰም። ፋራዴይ አዮን የሚለውን ስም በ1834 ለሳይንስ ሲሰጥም አዮኖቹን የሚፈጥራቸው ሞገዱ ራሱ እንደሆነ ይታመን ነበር።

ሥራው በፈረንሳይኛ የተጻፈ፣ ወደ 150 ገጽ የሚጠጋ፣ በውስጡም 56 ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ድምዳሜዎች የያዘ ሆኖ በ1884 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናት ሆኖ ቀረበ። እውነቱን ለመናገር ለማንበብ የሚጋብዝ ጽሑፍ አልነበረም። ሐሳቦቹ በድምዳሜዎቹ ብዛት መካከል ተበታትነዋል፤ ንቁው ክፍል በእርግጥ ምን እንደሆነም በግልጽ አልተነገረም። ቃላቱ በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው፤ ደራሲው መምህራኑን ላለማስቆጣት ሐሳቡን የሸፈነ ይመስላል። ሽፋኑ ግን አላዳነውም። ኬሚስቶቹ ፊዚክስ ነው፣ የፊዚክስ ሰዎቹም ኬሚስትሪ ነው የሚሉት ዓይነት ሥራ ነበር። ጥናቱ አራተኛ ደረጃ ውጤት ተሰጠው፤ በመከላከያው ላይ ያሳየው ብቃት ወደ ሦስተኛ ደረጃ ከፍ አደረገለት። ይህ ውጤት ዲግሪውን አላሳጣውም፤ ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያበቃውን የዶሰንትነት ማዕረግ ለማግኘት በቂ አልነበረም። ለሃያ አምስት ዓመቱ ተመራማሪ ይህ በአገሩ የምርምር በር ተዘጋ ማለት ነበር።

አሬኒየስ በሩ ሲዘጋበት መስኮት ፈለገ። የጥናቱን ቅጂዎች ለክላውዚየስ፣ ለሎታር ማየር፣ ለያኮቡስ ቫንት ሆፍና በሪጋ ለሚያስተምረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ላከ። ኦስትቫልድ ሠላሳ ዓመቱን ገና መያዙ ነበር። ጥናቱ በደረሰው ዕለት ክፉ የጥርስ ሕመም ይዞት፣ ሴት ልጅም ተወልዳለት ነበር፤ ከሦስቱ የትኛው የበለጠ እንቅልፍ እንደ ነሳው በኋላ በቀልድ ይተርክ ነበር። ለዚህ ጥናት ከኦስትቫልድ የተሻለ አንባቢ በዚያ ዘመን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዓመታት የአሲዶችን ብርታት በሌላ መንገድ ሲለካ ቆይቶ ነበርና። አሲድ ሜቲል አሴቴትን የሚበጥስበትን ፍጥነት እያነጻጸረ አሲዶችን በቅደም ተከተል ደርድሯል፤ በሸንኮራ ስኳር ላይም ተመሳሳይ ልኬት ወስዷል። አሁን የሚያስፈልገው የእነዚያኑ አሲዶች አስተላላፊነት ለክቶ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። አደረገውም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መቶ ቢባል አሴቲክ አሲድ በአስተላላፊነትም በፍጥነትም ከአንድ መቶኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ፎርሚክ አሲድ በሁለቱም ዝርዝሮች ከአሴቲክ አሲድ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ናይትሪክ አሲድ በሁለቱም ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጠገብ ይቆማል። ሁለት ፍጹም የማይገናኙ የሚመስሉ ልኬቶች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሰጡ።

በ1884 የበጋ ወር ኦስትቫልድ ባሕር ተሻግሮ ኡፕሳላ ድረስ መጣ፤ አሬኒየስንም በሪጋ የማስተማር ቦታ እንዲይዝ ጋበዘው። የውጭ አገር ፕሮፌሰር የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ያቃለለውን ወጣት ለመጠየቅ ያን ያህል መንገድ መምጣቱ በኡፕሳላ ሳይስተዋል አላለፈም። በዚያው ዓመት አሬኒየስ በፊዚካዊ ኬሚስትሪ ዶሰንት ሆኖ ተሾመ። ወደ ሪጋ ወዲያው መሄድ አልቻለም፤ አባቱ በጽኑ ታሞ ነበር፤ በ1885ም አረፈ። የሳይንስ አካዳሚው የጉዞ ድጎማ ከሰጠው በኋላ በ1886 ጉዞውን ጀመረ። በሪጋ ከኦስትቫልድ ጋር፣ በቩርዝቡርግ ከፍሪድሪሽ ኮልራውሽ ጋር፣ በግራዝ ከሉድቪግ ቦልዝማን ጋር፣ በአምስተርዳም ከቫንት ሆፍ ጋር ሠራ። ለአንድ ድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ የጉዞ መርሐ ግብር መገመት ያስቸግራል።

የጎደለው ማስረጃ የመጣው ከቫንት ሆፍ ነው። የሆላንዱ ሊቅ በብጥብጥ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች እንደ ጋዝ ሕግ እንደሚያከብሩ አሳይቶ ነበር፤ የውኃን የመርጊያ ሙቀት ዝቅ የሚያደርገው የንጥረ ነገሩ ዓይነት ሳይሆን የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። በአንድ ኪሎግራም ውኃ ውስጥ አንድ አሥረኛ ሞል ስኳር ሲሟሟ የመርጊያ ሙቀቱን በ0.19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያወርዳል። አሴቲክ አሲድም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ወደ 0.35 ዲግሪ፣ ማለትም እጥፍ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያወርዳል። ቫንት ሆፍ ይህን ትርፍ በአንድ ፊደል ወክሎ በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከየት እንደመጣ ግን አላብራራም። አሬኒየስ ይህን ሲያነብ ትርፉ ለእሱ ግልጽ ነበር። የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሞለኪውል በውኃ ውስጥ ወደ ሃይድሮጅን አዮንና ወደ ክሎራይድ አዮን ይነጣጠላል፤ አንዱ ቅንጣት ሁለት ይሆናል። አሴቲክ አሲድ ግን አብዛኛው ሞለኪውሉ እንደተያያዘ ስለሚቀር የቅንጣቶቹ ቁጥር ከስኳር እምብዛም አይበልጥም። በአስተላላፊነት የተሰላው የመነጣጠል ድርሻና በመርጊያ ሙቀት የተሰላው ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። በ1887 ኦስትቫልድና ቫንት ሆፍ በመሠረቱት አዲስ የፊዚካዊ ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ከሦስት ዓመት በፊት የሸፈነውን ሐሳብ ገልጦ ተናገረ። ንቁው ክፍል ነጻ አዮን ነው፤ ሞገድ ቢኖርም ባይኖርም በውኃ ውስጥ አለ።

ተቃውሞው የበረታ ነበር። የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ዛሬ ቀላል ቢመስልም በዘመኑ ተገቢ ጥያቄ ነው። የገበታ ጨው በውኃ ውስጥ ወደ ሶዲየምና ክሎሪን የሚለያይ ከሆነ፣ ውኃ ሲነካ የሚቀጣጠለው ሶዲየም እንዴት ዝም ይላል? መርዛማው ክሎሪንስ ለምን አይሸትም? በእንግሊዝ ሄንሪ አርምስትሮንግ፣ በሩሲያ ሜንዴሌየቭ ሐሳቡን አልተቀበሉትም። የአሬኒየስ መልስ አዮን ማለት አቶም አይደለም የሚል ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ ቅንጣት ባሕርዩ ከገለልተኛው አቶም ፍጹም የተለየ ነው። ኤሌክትሮን ገና ባልተገኘበት ዘመን ይህ መልስ ሙሉ እርካታ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ተቃዋሚዎቹን ያዳከመው ሌላ ማስረጃ ነው። ብርቱ አሲድና ብርቱ ቤዝ በቀጫጭን ብጥብጥ ሲገናኙ፣ የትኛውም አሲድ ከየትኛውም ቤዝ ጋር ቢሆን፣ የሚወጣው ሙቀት በሞል 57 ኪሎጁል ገደማ መሆኑ ከቀድሞ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ምክንያቱ ግን እንቆቅልሽ ነበር። አሲዱም ቤዙም ቀድሞውኑ የተነጣጠሉ ከሆኑ የሚካሄደው ለውጥ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ሃይድሮጅን አዮንና ሃይድሮክሳይድ አዮን ተገናኝተው ውኃ ይሆናሉ። እንቆቅልሹ ሳይፈለግ ተፈታ።

በ1888 ኦስትቫልድ ሐሳቡን ወደ ሒሳብ ለወጠው። መነጣጠል ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ሚዛን ከሆነ፣ የተነጣጠለው ድርሻና የብጥብጡ ክምችት በአንድ ቀመር ታስረው፣ ብጥብጡ ምንም ያህል ቢቀጥን የማይለወጥ አንድ ቋሚ ቁጥር ማውጣት አለባቸው። አሴቲክ አሲድ ለዚህ ፈተና የተፈጠረ ይመስላል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሊትር 0.1 ሞል ሲሆን ከመቶ ሞለኪውሎቹ የሚነጣጠሉት 1.3 ያህሉ ብቻ ናቸው። ክምችቱ ወደ 0.01 ሲወርድ 4.2፣ ወደ 0.001 ሲወርድ ደግሞ 12.6 ያህል ይደርሳሉ። ድርሻው ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ሲያድግ ከቀመሩ የሚወጣው ቁጥር ግን በሦስቱም ላይ ያው 0.000018 ነው። ይህ ቁጥር የአሴቲክ አሲድ የመታወቂያ ወረቀት ነው ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ እስከ ዛሬ ተማሪዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር ይጠራል። ወፍራም አሲድና ብርቱ አሲድ አንድ አይደሉም። ውፍረት በሊትር ውስጥ ምን ያህል አሲድ እንዳለ፣ ብርታት ደግሞ ካለው ውስጥ ምን ያህሉ እንደተነጣጠለ ይናገራል። እጅግ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቀጭን ነው እንጂ ደካማ አይደለም፤ አንድም ውኃ ያልገባበት ለማለት ጥቂት የቀረው አሴቲክ አሲድ ወፍራም ነው እንጂ ብርቱ አይደለም። ይባስ ብሎ ደካማው አሲድ በቀጠነ ቁጥር የመነጣጠል ድርሻው ይጨምራል። በመጀመሪያው አንቀጽ የተነሣው የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጉዳይም በዚሁ ይፈታል። ቤዙ ነጻውን ሃይድሮጅን አዮን በወሰደ መጠን ሚዛኑ ስለሚዛባ ሌሎች ሞለኪውሎች ተራ በተራ ይነጣጠላሉ፤ ቦዘኔው ክምችት እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሥራ ይገባል። ስለዚህ ደካማው አሲድ በመጨረሻ የሚበላው የቤዝ መጠን ከብርቱው እኩል ይሆናል። ዚንኩ የሚለካው ግን በእያንዳንዱ ቅጽበት በነጻ የሚገኘውን አዮን ነው።

ያው ቀመር በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ ሲሞከር ግን ይፈርሳል። በአሬኒየስ ስሌት መሠረት የአስተላላፊነቱ ንጽጽር በ0.1 ሞል 92፣ በ0.01 ሞል 97፣ በ0.001 ሞል 99 በመቶ ያህሉ እንደተነጣጠለ ያሳያል። ቁጥሮቹ ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ ወደ ቀመሩ ሲገቡ ግን ቋሚ መሆን የነበረበት ቁጥር ከአንድ ገደማ ተነሥቶ ከአንድ አሥረኛ በታች ይወርዳል። ጨዎችም እንዲሁ ናቸው። ኦስትቫልድም አሬኒየስም ይህን ያውቁ ነበር፤ የብርቱ ኤሌክትሮላይቶች እንግዳነት ተብሎ ስም ወጣለት። ለጊዜው የሚጠገን ስንጥቅ መስሎ ታየ። ለደካማ አሲዶች እንዲህ ያማረ ንድፈ ሐሳብ ለብርቱዎቹም በሆነ መንገድ እንደሚሠራ ማመን ከሰው ባሕርይ ውጭ አልነበረም።

አሬኒየስ በዚህ መካከል በአገሩ ቦታ አገኘ። በ1889 በሸንኮራ ስኳር በአሲድ መበጠስ ላይ ተመሥርቶ የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገልጸውን፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ቀመር አወጣ። በ1891 ከጀርመኑ ጊሰን ዩኒቨርሲቲ የቀረበለትን የፕሮፌሰርነት ጥሪ ትቶ በስቶክሆልም ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1895 የፊዚክስ ፕሮፌሰር፣ ኋላም ሬክተር ሆኗል። በ1894 ተማሪውና ረዳቱ የነበረችውን ሶፊያ ሩድቤክን አገባ፤ አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በ1896 ተለያዩ። በዚያው ዓመት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በዘመኑ አጠራር ካርቦኒክ አሲድ፣ እጥፍ ቢሆን የምድር ሙቀት በአምስትና ስድስት ዲግሪ ከፍ እንደሚል በእጁ አሰላ። ይህ ሥራው በሕይወት ሳለ ብዙም አላስጠራውም፤ ዛሬ ግን ከአሲዶቹ ይበልጥ የሚታወስበት ነው።

በ1901 የስዊድን ሳይንስ አካዳሚ አባል ሲሆን አሁንም የሚቃወሙት ነበሩ። በ1903 ግን የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተሰጠው፤ ከስዊድናውያን የመጀመሪያው ተሸላሚ ነው። የኬሚስትሪው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን የጥንቱ መምህሩ ክሌቬ ነበር። ክሌቬ በዚህ ጊዜ የተማሪውን ሥራ ታላቅነት በይፋ መስክሯል። በ1905 አካዳሚው የኖቤል ፊዚካዊ ኬሚስትሪ ተቋምን ሲያቋቁም አሬኒየስን ኃላፊ አደረገው፤ በዚያው ዓመት ማሪያ ዮሐንሰንን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። የተገፋው ወጣት አሁን ሌሎችን መግፋት የሚችል ሰው ሆኖ ነበር። በኖቤል ኮሚቴዎች ውስጥ የነበረውን ተሰሚነት ንድፈ ሐሳቡን የተቃወመው ሜንዴሌየቭ በ1906 ሽልማቱን እንዳያገኝ፣ የተቀያየመው ቫልተር ኔርንስት ደግሞ እንዲዘገይበት እንደተጠቀመበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ይስፋፋ ለነበረው የዘር ንጽህና እንቅስቃሴ የሰጠው ድጋፍም ከሕይወት ታሪኩ ሊፋቅ የሚገባው አይደለም።

በአሲዶች ጉዳይ ላይ ጥያቄው እንደገና የተነሣው በ1909 ነው፤ የተነሣውም ከጎረቤት አገር ከዴንማርክ ነው። በዚያ ዓመት በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሶረንሰን የሃይድሮጅን አዮንን ክምችት በአጭር ቁጥር ለመግለጽ ፒኤች የተባለውን መለኪያ አቀረበ። በዚህ መለኪያ 0.1 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ 1፣ በመጠን እኩያው አሴቲክ አሲድ ወደ 2.9 ያስነብባሉ። ይህ ለአሬኒየስ ሐሳብ ድል ነው። በዚያው ዓመት ግን ወጣቱ ኒልስ ቢየሩም ፍጹም የተለየ ሐሳብ አቀረበ። የብርቱ ኤሌክትሮላይቶች ብጥብጥ ቀለም ቢቀጥንም ቢወፍርም አይለወጥም፤ ያልተነጣጠለ ሞለኪውል ቢኖር ኖሮ በማቅጠን ጊዜ ቀለሙ መለወጥ ነበረበት። ስለዚህ ብርቱ አሲዶችና ጨዎች በከፊል ሳይሆን በሙሉ የተነጣጠሉ ናቸው። የአስተላላፊነቱ መቀነስ የአዮኖቹ ቁጥር በማነሱ ሳይሆን እርስ በርሳቸው በመሳሳባቸው የሚመጣ ነው።

አሬኒየስ ይህን አልተቀበለም። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። የ1884ቱ ግኝት መሠረት የአስተላላፊነት መጨመር የንቁው ክፍል መጨመር ነው የሚለው ነበር፤ ለብርቱ አሲዶች ይህ ከቀረ ያ የሌሊት መገለጥ በግማሹ ብቻ እውነት ነበር ማለት ነው። አንዴ ከመምህራኑ ሁሉ በተቃራኒ ቆሞ ትክክል ሆኖ የተገኘ ሰው ሁለተኛ ጊዜም ብቻውን ሲቆም ትክክል እንደሆነ ማመኑ አይደንቅም። ግን በዚህ ጊዜ የቆመው ከወጣቶቹ በተቃራኒ ነበር። በ1923 በዙሪክ ፔተር ደባይና ኤሪክ ሂውከል ጉዳዩን በሒሳብ ዘጉት። በብጥብጥ ውስጥ እያንዳንዱ አወንታዊ አዮን በአሉታዊ አዮኖች ደመና ይከበባል፤ አሉታዊውም እንዲሁ። ሞገድ ሲተላለፍ ደመናው አዮኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ብጥብጡ ሲቀጥን ደመናው ይሳሳል፤ አዮኑም ይፈጥናል። አሬኒየስ 92 በመቶ ብሎ ያነበበው የተነጣጠሉትን ሞለኪውሎች ቁጥር ሳይሆን የመጎተቱን መጠን ነበር። በደካማ አሲድ ውስጥ አዮኖቹ ጥቂትና የተራራቁ በመሆናቸው ደመናው ከቁጥር አይገባም፤ የአሬኒየስና የኦስትቫልድ ስሌት በዚያ የሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው በ1923 ብረንስቴድ በኮፐንሃገን፣ ላውሪ በእንግሊዝ፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ አሲድን ፕሮቶን ሰጪ ብለው ተረጎሙት፤ በዚህ ትርጉም ብርቱና ደካማ የሚባለው የአሲዱ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ፕሮቶኑን የሚቀበለው የውኃውም ድርሻ ሆነ።

አሬኒየስ ጥቅምት 2 ቀን 1927 በስቶክሆልም አረፈ፤ የተቀበረው ጥናቱ አራተኛ ደረጃ በተሰጠበት በኡፕሳላ ነው። ዛሬ በማንኛውም የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ መጨረሻ በሚገኘው የአሲዶች ሰንጠረዥ ውስጥ በአሴቲክ አሲድ ትይዩ 0.000018 የሚለው ቁጥር ኦስትቫልድ ባወጣው ቀመር እንደሚገኘው ሆኖ ተጽፏል። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትይዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር አይገኝም፤ በጣም ትልቅ የሚል ቃል ብቻ ይሰፍራል፤ አለዚያም ቦታው ባዶውን ይተዋል።